ባቄላው በሰለ?

ከኦርታ ወደብ ከወጣን ዐሥራ ዘጠነኛው ሌሊት፣
ማዕበሉ መርከቧን እንደ ዱቄት ሲነፋት፣
እኔ ከጨለማ ክፍል፣ ዐሥራ አንድ ስክሪን ፊት፣
የካጋሮን ልጓም ይዤ ወደ ታች ስነዳት።

ካጋሮ ሮቦት ናት። ስሟን ያወጣላት
ቬሪሲሞ ነው፣ የገመዱ ሹም፤
በደሴቱ ገደል ሌት ሌት እንደ ሕፃን
ከምታለቅስ ወፍ ነው የተዋሰው ስም።

ሺህ ሰባት መቶ ሜትር ገመድ ተተረተረ፤
ሰዓቱ በሰዓት ሳይሆን በብስኩት ተቆጠረ።
አንዱ ወንበሩ ላይ አንቀላፋ፣ አንዱ ካልሲውን ጠገነ፤
ባልዲ ይዞ የገባው አዲሱ ተማሪ
ከባልዲው ጋር ሲተያይ አደረ፣ እየመነመነ።

ከዚያ መብራታችን አንድ ነገር ነካ።
ጭስ።
ከድንጋይ ቱቦ አፍ ጥቁር በጥቁር ላይ ሲተካ።
ሦስት መቶ ዲግሪ፤ ግን አይፈላም ውሃው፤
የላዩ ክብደት ነው አፉን የያዘው።

ሶአዚግ ከወንበሯ ብድግ አለች
(የብሬስት ልጅ ናት፤ ስትደሰት ትቆጣለች)፦
«ቀስ! ክንዷን አጥፊ! ጠርሙሱን ወደ ግራ!»
ትናንት ቴርሞሜትሯ እዚያ ቀልጦ ቀርቷል፤
የዓመት በጀቷ ነው፣ ስሙን አትጠራ።
እኔም ትንፋሼን ውጬ የጋለውን ውሃ
በሁለት ጣቴ ጠርሙስ ውስጥ አስገባሁ፤
እጄ እዚህ፣ ደረቅ ክፍል ውስጥ ነው፤
ግን መዳፌ ጋለብኝና ሱሪዬ ላይ ጠረግሁ።

በሩ ተከፈተ። የጎመን ሾርባ ሽታ።
ዴኦሊንዳ ናት፣ የመርከቧ ወጥ ቤት፣
ይህን ደፍ ተሻግራ የማታውቅ ሴት።
«ባሕሩ ያዳፈነውን እሳት ሄዶ መግለጥ
ጥጋብ ነው» ትል ነበር፣ ድንች ስትልጥ።

ቀልድ መስሎን ነበር።
እናቷ የተዳረችው በፋያል ምዕራብ ጫፍ፣
ከመርከብ መብራቱ ማማ ግርጌ ነው።
አንድ መስከረም ጧት፣ እሷ ሳትወለድ፣
ዓሣ ነባሪ የሚጠብቀው ሰው መነጽሩን አወረደ፣
«ባሕሩ ፈላ» አለ። ማንም አልሳቀ።
ቤቱን እስከ መስኮት፣ ከመስኮት እስከ ጣሪያ፣
ዐሥራ ሦስት ወር ሙሉ አመድ ሲሞላበት፣
እናቷ የጣደችው የባቄላ ድስት
ሳይወርድ ቀረ፤ አሁንም እዚያ ነው፣ በተዘጋ ቤት።

ሾርባውን አስቀምጣ ሂያጅ ነበረች።
ስክሪኑን አየች።
ቆመች።

ከጭሱ ሥር ዛጎል እንደ ገበያ ሰው ተፋፍጓል፣
ዐይን የሌለው ሽሪምፕ በላዩ ይርመሰመሳል፤
ፀሐይ የሚሉትን ነገር ሰምተው አያውቁም።
«ምን በልተው ነው?» አለች፤ የወጥ ቤት ጥያቄ።
ሶአዚግ፣ ለአንድ ጊዜ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፦
«መርዙን ነው። ተሕዋስያን አሉ በውስጣቸው፣
ዐይን የማያያቸው፣
ከዚያ ክርፋታም ውሃ ቀለብ የሚያበስሉላቸው።»

ዴኦሊንዳ እጇን በሽርጧ አበሰች፣
ሁለት ጊዜ፣ ደርቆ ሳለ።
«እንግዲህ» አለች፣
«በዚህ እሳት ላይ ድስት የጣደ ሌላም ሰው አለ።»

በመጨረሻው ጉዞ፣ እንደ መርከቧ ወግ፣
በካጋሮ ቅርጫት የፎም ኩባያ ይታሰራል፤
የሚወደውን ስም ሁሉም ይጽፍበታል፤
ጥልቀቱ ጨምቆ ጨምቆ ይመልሰዋል።
ቬሪሲሞ የልጆቹን ጻፈ፤ ተማሪው የባልዲውን፤
እኔ የማልነግራችሁን።
ዴኦሊንዳ የእናቷን ስም፤ ከሥሩም፣ አጎንብሳ፣
«ባቄላው በሰለ?»

ማታ ካጋሮ ወጣች፣ ጨው እያንጠባጠበች፣
የበሰበሰ እንቁላል እየሸተተች፤
ሶአዚግ ጠርሙሷን እንደ አራስ ልጅ አቅፋ ሮጠች።
ኩባያው አውራ ጣት አክሏል፣ ጠንክሯል፤
ከፊደሉ አንድ አልጎደለም፣ ጥያቄውም ተጨምቆ አለ።
መልስ የለበትም። እኔ አገላብጬ አይቻለሁ።

አሁን ከምድጃዋ በላይ፣ ምስማር አጠገብ ተቀምጧል፤
ቁንዶ በርበሬ ትሰፍርበታለች።
ትናንት ሾርባው ጉሮሯችንን ሲለበልበን
«በዛ እኮ» ብንላት፣
ዞር ሳትል፣
«እናቴ ናት» አለች።